ነዳጁ አያደርሰንም ያልኩ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤቴ ቁርሴን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ፣ እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ የምትኖረው ልጄ ሕይወት ቪዲዮ ላከችልኝ። ከድምፅ የሚፈጥን አዲስ የመንገደኞች አውሮፕላን ለሙከራ ሲበር ያሳያል። ወዲያው ኮል አደረገችልኝ።

«አባዬ፣ አንተ ያበረርከው እንደዚህ ፋስት ነበር? ታሪኩን ነግረኸን አታውቅም እኮ!»

ነገርኳት፤ ፍርፍሩ እስኪቀዘቅዝ።

ለንደን ያደግኩ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላኝ ረዳት አብራሪ ነበርኩ። ዋና አብራሪያችን ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ እኔ ፊደል ስቆጥር ጀምሮ ሲያበሩ የኖሩ እንግሊዛዊ ናቸው። ከኋላችን ሞተሩንና ነዳጁን የሚቆጣጠር መሐንዲስ አለ። ጉዟችን ወደ ዋሽንግተን ነበር።

ከለንደን የተነሳነው በረዶ በቀላቀለ ዝናብ ነው። ከደመናው በላይ ግን ሌላ ዓለም ነው። ፍጥነታችን የድምፅን እጥፍ ሲሆን ሰማዩ በቀትር ይጠቁራል፤ የምድር ጠርዝ ጎበጥ ብሎ ይታያል። ውጭው እንዲያ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ከፍጥነቱ የተነሳ መስኮቱን ሲነኩት ይሞቃል። ያን ሙቀት እወደው ነበር። መንገደኞቹ ምሳ እየበሉ ነው፤ የተጠበሰ ዓሣና የቅቤ ሽታ እኛ ድረስ ይመጣል።

ድንገት ጓ! አለ። ደግሞ ጓ! ጓ! አውሮፕላኑ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ተንቀጠቀጠ።

«ሦስተኛው ሞተር ነው!» አለ መሐንዲሱ።

አጠፋነው። ጩኸቱ ቆመ፤ ችግሩ ግን ገና መጀመሩ ነበር። በቀሩት ሞተሮች ያን ፍጥነት መያዝ ስለማይቻል ወርደን በዝግታ መብረር ነበረብን። ያ አውሮፕላን ደግሞ ሲዘገይ ነዳጅ ይበላል።

«ወደ ዋሽንግተን እንቀጥላለን» አሉ ዋና አብራሪው።

አሰላሁ። ደግሜ አሰላሁ። አልሞላም። መሐንዲሱን ዞር ብዬ ባየው ዓይኑን ከመለኪያው አልነቀለም። እኔ ደግሞ ታላቅ ሲናገር አንገት ደፍቶ መስማት የለመድኩ ልጅ ነኝ።

«ካፒቴን፣ ነዳጁ አያደርሰንም።»

«ያደርሰናል። መንገዱን አውቀዋለሁ።»

ሊበቃኝ ነበር። ተናግሬያለሁ፣ ከዚህ በኋላ ኃላፊነቱ የሳቸው ነው ብዬ ዝም ልል ነበር። ከኋላችን ያለው በር ተከፍቶ የመንገደኞች ሳቅ ተሰማኝ።

«መንገዱን ያውቁታል፤ ዛሬ ግን ነፋሱ ከፊት ነው፣ አንድ ሞተርም የለንም። አያደርሰንም። ካናዳ እንረፍ።»

ዋና አብራሪው ያሰላሁበትን ወረቀት ተቀብለው ቁጥሮቹን በጣታቸው ተከተሉ።

«ካናዳን ጥራልን» አሉ በመጨረሻ።

በረዶ የሸፈናት ትንሽ ከተማ አረፍን። መሐንዲሱ የተረፈውን ነዳጅ ለክቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ብንቀጥል ኖሮ ባሕሩ ላይ ያልቅ ነበር። ደረጃውን ስንወርድ ዋና አብራሪው ክንዴን ያዙ።

«የመጀመሪያውን አልሰማሁህም። እንኳን ደገምከው» አሉኝ።

ታሪኩን ስጨርስ ያሰብኩትን ለልጄ ለሕይወት አልነገርኳትም። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በየሄድኩበት ወንበር ይለቀቅልኛል፣ «እርስዎ እንዳሉ» ይሉኛል። የሚያከብረኝ በዝቷል፤ «ተሳስተዋል» ብሎ የሚደግምልኝ ግን በዓመት አንድ ሰው አላገኝም።