ቅቤ የተቀባው ፕላስቲክ

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አሰላ በተከራየሁበት ቤት ጓዳ ውስጥ፣ ፈሳሹን ያረጋሁበትን የመስተዋት ቱቦ ሰብሬ ፕላስቲኩን አወጣሁት። አውራ ጣት ያህላል። ከዚያ በፊት የሠራኋቸው እርሳስ የሚባለው ብረት ሲገባባቸው እንደ አጓት ደፈረሱ፤ ይህኛው ግን እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ መምህር የሰጡኝ ፈሳሽም በዚሁ አለቀ።

አንዳንድ ብረት ውስጥ ያለ ቅንጣት በስንት ዘመን አንዴ ይፈርሳል። ያን ለማየት ብረቱን፣ ጨረር ሲነካው ብልጭ በሚል ፕላስቲክ ውስጥ ማሟሟት ያስፈልጋል። «ጥርት ያለ ካመጣሽልኝ ቤተ ሙከራው ውስጥ ቦታ አለሽ፤ ካልሆነ እዚያው አሰላ አስተምሪ» ብለውኛል መምህሬ። አዲስ አበባ ሄጄ ፊታቸው የምቀርበው በማግስቱ ነበር።

በሩን ዘግቼ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ተቀመጥኩ።

«ልጄ፣ በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ውስጥ ማንን ነው የምትጠብቂው?» አሉ አከራዬ፣ ዲክሲስ ተወልደው ያደጉ አሮጊት፣ ከበሩ ወዲያ ሆነው።

«ማንንም፣ እማማ።»

«ማንንም ከሆነማ ክፈቺለት፣ ይግባ!»

ፕላስቲኩን ሽፋሽፍቴ እስኪነካው አስጠጋሁት። ብልጭ አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ ብልጭ። አጠገቡ ጨረር የሚረጭ ምንም ነገር አላስቀመጥኩም። ከሰማይ የሚወርድ ጨረር እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ዓይኔን አላነሳሁም።

እማማ ካላየሁ ብለው ገቡ። ዓይናቸውን አስጠግተው ብዙ አዩት።

«ጠቀሰኝ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ፕላስቲክ እኮ ነው፣ እማማ።»

«ይሁና። ጠቀሰኝ።»

በጨርቅ ጠቅልዬ መደርደሪያው ላይ ተውኩት። ጠዋት ስፈታው እጄ ወዛ። እማማ እንግዳ ነገር ቤታቸው ሲገባ ለጋ ቅቤ ቀብተው ነው የሚያበርዱት፤ ሕፃንም ይሁን ድንጋይ። ቅቤው ግን ፕላስቲኩን በልቶታል። የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። የቤተ ሙከራው ቦታዬም አብሮ እንደሄደ ገባኝ።

«እንዲተኛ ብዬ ነው» አሉ እማማ። «ሌሊቱን ሙሉ ሲጣራ ነበር።»

«ማንን?»

«አንቺን። በአንቺው ድምፅ።»

ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጡሩምባ ከሩቅ ይሰማል። ፕላስቲኩን ዓይኔ ላይ አስጠግቼ ብዙ ጠበቅሁ። ጨለማ ብቻ።

የተሰነጠቀውንም ቢሆን ለመምህሬ ላሳያቸው ወሰንኩ። ቅቤውን ሳልጠርግ መልሼ ጠቀለልኩት፣ የእማማን ጉልበት ስሜ ወጣሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ ኢተያን እስክናልፍ ድረስ፣ ስሜ ይጠራ እንደሆነ ጆሮዬን ጥዬ ሄድኩ።