ያልለወጥኩት ዘይት

ትእዛዙ የመጣው ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ኮሪያ ከገባን ወራት አልፈው ብርዱ ጀምሮ ነበር። የመኪና ክፍላችን አለቃ ሃምሳ አለቃ በየነ ሰበሰበንና «የሦስቱም መኪና የሞተር ዘይት እስከ ማታ በቀጭኑ ይለወጥ። ነገ ጧት የማይነሣ ሞተር እንዳላይ» አለን።

እኔ ከመዝመቴ በፊት ከእጃጂ በአምቦ በኩል አዲስ አበባ እህል በሚያመላልስ የጭነት መኪና ላይ ሠርቻለሁ። እዚያ ያረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት ይወዳል ብለው አስተማሩኝ። ቀጭኑ ያንጠባጥባል፣ ብረት ከብረት ይፋጫል። ለአምቦ አየር ትክክል ነበር። ውሃ በጀሪካን ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ለሚያድርበት አገር ግን አልነበረም። አላወቅሁም ብዬ እንዳላመካኝ፣ ተነግሮኛል።

የሁለቱን ካሚዮኖች ዘይት ለወጥን። ሦስተኛው ቁስለኛ የሚያነሣው አምቡላንስ ነው፤ እሱ አሮጌ ነበር፣ ከሥሩም ያንጠባጥባል። ቀጭኑን ብሞላበት መንገድ ላይ ይጨርሳል ብዬ ፈራሁና ተውኩት። ረዳቴ ገመቹ የዚያው የአምቦ አካባቢ፣ የሸነን ልጅ ነው። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥቶ አሳየኝ። ዘይቱ እንደ ማር ተጎትቶ አልወርድ አለ።

«ኩን ሂንተኡ፣ ታደሰ። ይሄ አይሆንም» አለኝ።

«እኔ ሞተር አውቃለሁ» አልኩት።

ሌላ ቀን ሞተሩን በየሁለት ሰዓቱ እያስነሣን እናሞቀው ነበር። በዚያች ሌሊት ግን ጠላት ቀርቦ ነበርና ድምፅ ተከለከለ።

ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውጊያው ከፊታችን ባለው ኮረብታ ተጀመረ። ሁለቱ ካሚዮኖች ወዲያው ተነሥተው ጥይት ለማምጣት ወደ ኋላ ሄዱ። አንድ ሰዓት ሲሆን ሦስት ቁስለኞች በቃሬዛ ወረዱልን። ጭነን ሞተሩን ለማስነሣት ሞከርኩ። አንድ ጊዜ አቃሰተ። ሁለተኛ አልደገመም። ባትሪው ደከመ። ገመቹ የእጅ ማዞሪያውን ብረት ከፊት አስገብቶ በሙሉ ክብደቱ ተንጠለጠለበት። ብረቱ አልተነቃነቀም።

ከቁስለኞቹ አንዱ ደረቱን የተመታ ነበር። «ወንድሞቼ፣ እንሂድ እንጂ» ይለናል፤ በቁጣ አይደለም፣ በልመና ነው።

የቀረን መንገድ አንድ ነበር። ገመቹ በቆርቆሮ አሸዋ ሞልቶ ቤንዚን አፈሰሰበትና ለኮሰው፤ ዘይቱ እንዲሞቅ ከሞተሩ ሥር አስገባው። ጥቁር ጭስ ወጣ። ጭሱን እኛ ብቻ አላየነውም። የመጀመሪያው ሞርታር ከኋላችን ወደቀ። ሁለተኛው ቀረበ።

«ተወው፣ ውጣ!» አልኩት።

«ትንሽ ቀረው። አንተ ግባና ሞክር» አለኝ።

ገባሁ። ገመቹ ብረቱን አዞረ፤ አሁን ዞረለት። ሞተሩ ሲነሣና ሦስተኛው ሞርታር ሲወድቅ አንድ ሆነ። ወርጄ ገመቹን ከወደቀበት አነሣሁት። አራተኛ ቁስለኛ አድርጌ ጭኜው ነዳሁ።

ሕክምናው ድንኳን ስንደርስ ደረቱን የተመታው ሞቷል። ሐኪሙ «ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ብትደርሱ ኖሮ…» ብሎ ፊቴን አየና አልጨረሰውም። ገመቹ እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ቆይቶ አረፈ።

አገሬ እንደተመለስኩ ሸነን ሄድኩ። አባቱ ኦቦ ዳባ በራፍ ላይ ተቀበሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ትእዛዙን፣ ገመቹ ያለኝን፣ የመለስኩለትን። ተነሥተው ወደ ከብቶቹ ሄዱ፤ ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ለኔ ነገርከኝ፣ ሰማሁ» አሉኝ በኦሮምኛ። «ለእናቱ አትንገራት። እሷ የምትጠላው ሰው አትፈልግም፤ ስለ ልጇ የሚያወራላት ነው የምትፈልገው።»

ገባሁ። እናቱ አጠገባቸው አስቀመጡኝና እጄን ይዘው፣ «ያ አገር በጣም ይበርዳል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ልጄን ይበርደው ነበር ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጥሩ ካፖርት ነበረው፣ እናቴ» አልኳቸው። እውነት ነው፣ ነበረው።

በዚያ ጧት ከጦር ክፍላችን አራት ሰው ሞተ። ሁለቱ ኮረብታው ላይ፣ አንዱ አምቡላንሱ ውስጥ፣ አንዱ ድንኳኑ ውስጥ። የጦሩ መዝገብ አራቱንም በውጊያ የወደቁ ይላቸዋል። እኔ ግን አራት ብዬ ቆጥሬ አላውቅም። ኮረብታው የወሰዳቸውን ሁለት እላለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ዘይቴ የወሰዳቸውን ሁለት እላለሁ።