ከባሌ የነጠቅኳቸው እንግዶች

ባሌ ከቤት ያስወጣኝ በክረምት ነው፤ ጎባ ላይ ፀሐይ ፊቷን በማታሳይበት ወር። ባሌ የምለው ሰውዬውን ነው፤ አገሩማ ምን በደለኝ። ፍራሼንና የልብስ ሳጥኔን በአህያ አስጭኖ ሰደደኝ። አህያዋን የነዳው የቤታችን ሠራተኛ "እመቤቴ፣ ይቅር ይበሉኝ" እያለ ያለቅስ ነበር። ባሌ በሆቴሉ በረንዳ ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። ዛሬም ድረስ ሳስበው እንደዚያ ጥርሱን ሲፍቅ ነው የሚታየኝ።

ሆቴሉን የሠራነው አብረን ነው። በንጉሡ ዘመን ጎባ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ስለነበረች ዳኛው፣ ነጋዴው፣ ባለጉዳዩ ከጎሮም ከሲናናም ይጎርፋል፤ ንጹሕ አልጋ ግን ብርቅ ነበር። የግድግዳውን ጭቃ ከጭድ ጋር ያቦካሁት በገዛ እግሬ ነው። አንሶላውን የሰፋሁ፣ ወጡን የሠራሁ፣ እንግዳውን ስቄ የተቀበልኩ እኔ ነኝ። ቦታው የተመዘገበው ግን በእሱ ስም ነበር። ልጅ አልወለድንም። ጥፋቱን የእኔ አድርጎ ከሮቤ አንዲት ወጣት ሴት አመጣ። ሽማግሌዎቹ በእኔው ሳሎን ተቀምጠው፣ እኔው የጠመቅኩትን ጠላ እየጠጡ፣ "እንግዲህ እግዜር የነሳውን ምን ይደረጋል" ብለው ፈረዱብኝ። አንደኛው ሲወጣ ጠላው ግሩም መሆኑን ነገረኝ።

የገባሁት ከከተማው ዳር፣ ከወንዙ በላይ ባለው በአባቴ አሮጌ ቤት ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ማንም አልኖረበትም ነበር። ጓሮው ውስጥ አንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ አለ፤ ኮሶው ላይ ደግሞ ጥንድ ጉጉቶች ነበሩ። ቀን ቀን ከግንዱ ጋር ተጣብቀው ያንቀላፋሉ፤ ሲመሽ ይጠራራሉ። ጉጉት የጮኸችበት ቤት ሬሳ ይወጣበታል ይባላልና ሰፈርተኛው ደጄን እየዞረ ማለፍ ጀመረ። ወሬው ባሌ ጆሮ ደረሰ።

"አላልኳችሁም? ጉጉት እንኳ ዘመዷን አወቀች!" አለ አሉ። ሆቴሉ ውስጥ መጠጥ በቀረበ ቁጥር የሚሳቀው በዚህ ቀልድ ሆነ።

ያልሸሹኝ ጎረቤቴ ብቻ ነበሩ። ልጆቻቸው ፈረስ የሚያከራዩ ሙስሊም አሮጊት ናቸው፤ "አዴ"፣ እናቴ ነበር የምላቸው። አንድ ቀን ወተት ይዘውልኝ መጡና ወደ ኮሶው ቀና ብለው አዩ።

"ኡሩንጉ እኮ አይጥ ነው የሚበላው" አሉኝ ጉጉቶቹን በኦሮምኛ ስማቸው ጠርተው። "ሰው አይበላም። ሰው የሚበላውንማ እኔና አንቺ እናውቀዋለን፣ ኢንተላ ኮ።"

ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልቤን የማወራው ለእሳቸው ሆነ። ልቤ ውስጥ የነበረው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ሰውዬ ሲወድቅ ማየት። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስጸልይ "እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል" የሚለው ላይ ስደርስ አፌን እዘጋ ነበር። እግዜርን መዋሸት አልፈለግሁም።

ክረምቱ ወጥቶ ገብሱ ማሸት ሲጀምር ሁለት ፈረንጆች ጎባ መጡ፤ ፀጉራቸው የሸበተ ባልና ሚስት። ከባሕር ማዶ የመጡት ወፍ ለማየት ነው ሲባል ከተማው አላመነም። ማዕድን ፍለጋ ነው የሚልም ነበር። እነሱ ግን አንገታቸው ላይ መነጽር አንጠልጥለው ሳነቴ ተራራ ላይ ወጥተው ሲንጋጠጡ ውለው ይመለሳሉ። ያረፉት በባሌ ሆቴል ነበር። አንድ ቀን ጉጉት የት እንደሚገኝ ጠየቁት። ከት ብሎ ሳቀና ሾፌራቸውን "የድሮ ሚስቴ ቤት ውሰዳቸው፤ ጉጉት ከነዘመዷ ያገኛሉ" አለው። የቀረው ሰውም ሳቀ። ሾፌሩ የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ቀልዱ ሳይገባው ይዟቸው መጣ።

ሴትዮዋ ጉጉቶቹን ባየች ጊዜ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ እርጥቡ ሣር ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና ክንዴን ይዛ አንድ ነገር አለችኝ።

"ምን ትላለች?" አልኩት ሾፌሩን።

"ዕድለኛ ነዎት ነው የምትለው።"

እኔ! ባልዋ የጣላት፣ ጉጉት የሚጮህባት ሴት ዕድለኛ ተባልኩ። ከማለቅስ ብዬ ገብስ ልቆላ ወደ ጓዳ ገባሁ።

አመሻሹ ላይ ዝናብ ወረደ፤ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪናው አልነሳ አለ። አልጋዬን ለባልና ሚስቱ ለቀቅሁ። ሾፌሩን ከእሳቱ አጠገብ ፍራሽ ዘርግቼ አስተኛሁት፤ እኔ አዴ ቤት ሄጄ አደርኩ። ከመሄዴ በፊት ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ከእግራቸው ሥር ከተትኩላቸው። የጎባን ብርድ የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ጠዋት የገብስ ጭኮ በቅቤ አሽቼ፣ ከጫካ የመጣ ማር ጨምሬ አቀረብኩ። በልተው ሲጨርሱ ሴትዮዋ ሾፌሩን ዕቃቸውን ከሆቴሉ እንዲያመጣ ላከችው።

ሾፌሩ እየሳቀ ተመለሰ። "ባለቤቱ 'ምን አጎደልኩ?' ብሎ ያዘኝ" አለ።

"ምን አልከው?"

"አንሶላው ይረጥባል አልኩት። እኔም በዚህ ብርድ መኪና ውስጥ እንዳሳደረኝ ነገርኩት።"

ያን ጊዜ መንገዱ ወለል ብሎ ታየኝ። "ሾፌር መኪናው ውስጥ ይደር" የባሌ ሕግ ነበር። ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ፤ ሾፌር ምን ያመጣል ይለኝ ነበር። ምን እንደሚያመጣ ላሳየው ወሰንኩ።

የእናቴን የአንገት ወርቅ ሸጥኩ። አዴ ልጆቻቸውን ሰጡኝና ከጓሮው ጎን የጥድ እንጨት ወለል ያላቸው ክፍሎች ሠራን። የመጀመሪያውን ክፍል የሰጠሁት ለእንግዳ አይደለም፣ ለሾፌር ነው። ንጹሕ አልጋ፣ እግር መታጠቢያ ሙቅ ውሃ፣ ትኩስ ጥብስ። ሾፌር ደግሞ ከሾፌር ጋር ያወራል። በሚቀጥለው በጋ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና ሁሉ የባሌን ሆቴል አልፎ በቀጥታ እኔ ደጅ ይቆም ጀመር። ወፍ የሚያየው፣ ተራራ የሚወጣው፣ መሬት የሚለካው እኔ ዘንድ ያድራል። የአዴ ልጆች በፈረስ ሳነቴ ያወጧቸዋል፤ እኔ ሲመለሱ እሳት አንድጄ፣ ውሃ አሙቄ እጠብቃለሁ። እንግዳ እወዳለሁ፤ ይህ እውነት ነው። ግን አልጋ ባነጠፍኩ ቁጥር የማስበው እንግዳውን አልነበረም፤ ያ ሰውዬ ዛሬ ስንት አልጋ ባዶ አደረበት እያልኩ ነው።

ከገበያ ስመለስ አውቄ በሆቴሉ በር በኩል እሄድ ነበር፤ መንገዱ ቢረዝምም። በረንዳው ላይ ያሉትን ባዶ ወንበሮች አያለሁ። ባዶ ወንበር እንደዚያ እንደሚያጠግብ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከሮቤ ገበያ ስመለስ ወንዱ ጉጉት አጥሬ ላይ ክንፉ ተዘርግቶ ተቸንክሮ አገኘሁት። አዴ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

"የሆቴሉ ዘበኛ ነው" አሉኝ። "በጠራራ ፀሐይ ጠመንጃውን ይዞ መጣ። ምን ነክቶህ ነው ብዬ ብጠይቀው 'ጌታዬ ሟርቱን አስወግድላት ብለውኝ ነው' አለኝ።"

ምስማሩን ነቅዬ አወረድኩት። ሲታይ ትልቅ ነው፤ ሲይዙት ግን ክብደት የለውም፣ ላባ ብቻ። ሬሳውን ኮሶው ሥር ቀበርኩ። አንድ ክንፉን ግን ቆርጬ፣ ጨው ነስንሼ አደረቅሁት። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለማን እንደማሳየው ብቻ ነበር ያላወቅሁት። አንዳንዱ ክሰሺ አለኝ። ጉጉት ተገደለብኝ ብላ ችሎት የምትቆም ሴት ሲስቁባት ነው የሚውሉት። ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

ሴቷ ጉጉት ከዚያ ወዲያ ኮሶው ላይ አልተቀመጠችም። የአዴ ትልቁ ልጅ ከወንዙ ማዶ፣ ከግጦሻቸው በስተጀርባ ያለው የጥድ ጫካ ውስጥ አየኋት ብሎ ነገረኝ። ለማንም አታውሩ አልኳቸው።

በዚያው በጋ ማለቂያ አገረ ገዥው ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች እንደሚቀበሉ ተሰማ፤ አብረዋቸው የውጭ አገር ሰዎችም አሉ። የሚያርፉት በባሌ ሆቴል ሆነ፤ ቤቱ ትልቅ ነውና። ግድግዳውን ኖራ አስቀባ፣ ሰንጋ ገዛ፣ ጫማውን አስወለወለ። ያላሰበው ግን እንግዶቹ እነዚያን ሽበታም ባልና ሚስት እንደሚያውቋቸው ነው። ገና ከመድረሳቸው የጎባዋን ጉጉት ማየት እንፈልጋለን አሉ። አገረ ገዥውም ወደ ባሌ ዞር ብለው "ነገ ጠዋት ትወስደናለህ" አሉት። ገደልኩት ይበል?

ፀሐይ ስትጠልቅ በእግሩ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ካስወጣኝ ወዲህ ደጄን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር።

"እንደምን አመሸሽ" አለኝ።

"እግዜር ይመስገን። ምን ጠፍቶህ መጣህ?"

"ነገ ጌቶች ይመጣሉ። ጉጉቱን ሊያዩ።"

"የትኛውን ጉጉት?"

መሬት መሬት እያየ "በራሱ ሄደ በያቸው" አለ። "ወፍ አይደል? ይመጣል፣ ይሄዳል። አንዲት ቃል ናት የለመንኩሽ። አብረን እንጀራ ቆርሰናል።"

"እሺ" አልኩት።

"እውነትሽን ነው?"

"እሺ አልኩህ እኮ።"

ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። አልከለከልኩትም። ስሞ እስኪጨርስ ጠበቅሁት።

በነጋታው ጠዋት ጓሮዬ በሰው ሞላ። አገረ ገዥው ካባቸውን ደርበው፣ እንግዶቹ መነጽራቸውን ይዘው፣ ባሌ ከኋላ፣ ዘበኛው ከባሌ ኋላ።

"እመቤት፣ ጉጉቱ የታለ?" አሉኝ አገረ ገዥው።

እጅ ነሣሁና ክንፉን ከነጭ ጨርቅ ፈትቼ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። "የቀረው ይህ ነው፣ ጌታዬ። ባለሆቴሉ አስገድሎ አጥሬ ላይ አስቸነከረው። ትናንት ማታ ደግሞ በራሱ ሄደ በይ ብሎ ጉልበቴን ስሞ ለመነኝ።"

ቃሌን አጠፍኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አገረ ገዥው ወደ ባሌ ዞሩ። "እውነት ነው?"

"ጌታዬ፣ እኔ ... ዘበኛው በገዛ ፈቃዱ ..."

ዘበኛው ደነገጠ። "እርስዎ አይደሉ እንዴ ያዘዙኝ? ጠመንጃውስ የማን ነው?" አለ።

ከእንግዶቹ አንዱ ክንፉን ተቀብሎ ላባውን በጣቱ ዳሰሰ። የባሌ ፊት እንደ አመድ ሆነ። ያን ፊት ለማየት የጠበቅሁትን ያህል ልጅ የጠበቅሁ አይመስለኝም።

"ሴቷ ግን አለች" አልኩ ያን ጊዜ። "ከወንዙ ማዶ ናት። ፈረስ ተዘጋጅቷል።"

የአዴ ልጆች ፈረሶቹን አመጡ። ለሁሉም ፈረስ ነበር፤ ለባሌ ብቻ አልነበረም። በዚያ በተወለወለ ጫማ ጭቃውን እያቦካ ከኋላችን ተከተለ። እንዳይመለስ አገረ ገዥው ተመለስ አላሉትም፤ እንዳይጠጋ ማንም ዞሮ አያየውም። ጉጉቷ ጥዱ ላይ ዓይኗን ከድና ተቀምጣ ነበር። እንግዶቹ በሹክሹክታ እየተጠቋቆሙ ረጅም ጊዜ አዩአት። እኔ ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ ዳር ነበር የማየው፤ ሰውዬው ጫማውን አውልቆ ጭቃውን በእንጨት ይፍቃል።

ምሳ የበሉት እኔ ቤት ነው። ማታም እኔው ጋ አደሩ፤ ያልበቃቸው ድንኳን ተከሉ። የታረደው ሰንጋ ሆቴሉ ጓሮ ውስጥ ተሰቅሎ ዋለ። ከዚያ ወዲህ አገረ ገዥው እንግዳ በመጣባቸው ቁጥር ወደ እኔ ይልኩ ነበር።

ያቺ ከሮቤ ያመጣት ሴት ከጊዜ በኋላ ጥላው ወጣች። ከእሷም አልወለደም፤ ይህን ከተማው ሁሉ ቆጠረው፣ እኔም ቆጠርኩ። አንድ ጠዋት ደጄ መጥታ ሥራ ለመነችኝ። አዴ ሰምተው "አላህ ይስጥሽ፣ ደግ ሠራሽ" አሉኝ። ለጽድቅ አልነበረም የቀጠርኳት። የእንግዶቼን አንሶላ ተሸክማ በሆቴሉ በር ዞራ ወደ ወንዝ ስትወርድ እንዲያያት ነው። እሷም ገብቷታል መሰለኝ፤ ያን በር ስታልፍ ጮክ ብላ ትዘፍን ነበር።

በመጨረሻ ሆቴሉን ለአንድ የጎሮ ነጋዴ ሸጦ ወደ አገሩ ወደ ሸዋ ሊመለስ ተነሣ። የሚሄድበትን ቀን ከሾፌሮቹ ሰማሁ። ጠዋት ታጠብኩ፣ የዓመት በዓል ቀሚሴን ለበስኩ፣ አውቶቡስ መነሻው ድረስ ሄድኩ። ሰዉ ለዕርቅ የመጣሁ መስሎት መንገድ ለቀቀልኝ፤ አንዲት ሴትዮ እልል ልትል አፏን ከፍታ ነበር። እኔ ከመስኮቱ ትይዩ ቆምኩ። አየኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለ መስተዋቱ ከለከለኝ፣ ለመስማትም አልተጠጋሁም። አውቶቡሱ ወደ ሮቤ ታጥፎ እስኪሰወር ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም።

ከዚያ ሥጋ ቤት ገብቼ ሽንጥ አስመዝኜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ለምሳ የሚደርሱ እንግዶች ነበሩብኝ።