አልምልም ብዬ የተቀመጥኩ ቀን

የእኛ መንደር ስም የለውም፤ ያለው ቁጥር ነው። በደርግ ጊዜ ወላጆቼን ከወሎ አምጥተው ከአሶሳ ወጣ ብሎ ሲያሰፍሯቸው ለየመንደሩ ቁጥር ሰጡት፣ በዚያው ቀረ። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አግብቼ፣ ባሌንም እዚሁ ቀብሬ በመንደሩ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ጴንጤ የሆንኩት የመምህራን ኮሌጅ እያለሁ ነው። መንደሩ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ሳቀብኝ፣ በመጨረሻ ለመደኝ። ጠላ አትጠጣም፣ ጠበል ጸዲቅ አትቀምስም፣ ለቅሶ ላይ ደረት አትመታም እያሉ ዝርዝሬን ያዙ። ከዝርዝሩ የቀረች አንዲት ነገር ነበረች። አልምልም።

እኛ ዘንድ ሳይምሉ ማውራት ይከብዳል። ክርስቲያኑ «ሚካኤልን» ይላል፣ እስላሙ «ወላሂ» ይላል፤ እናቴ ወጡ ጨው እንዳልበዛበት ሳይቀር በገብርኤል ትምል ነበር። እኔ ግን ክርስቶስ አትማሉ፣ አዎን ከሆነ አዎን፣ አይደለም ከሆነ አይደለም በሉ ማለቱን እንደ ቀላል ነገር ተቀበልኩት። ቀላልም ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ማንም ማይ ብሎ አልጠየቀኝምና።

ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ማሽላው ታጭዶ ተከምሯል። ለምሳ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም ከማሳው ዳር አገዳ ሲያቃጥል አየሁት። ነፋስ ነበር። እሳቱ አምልጦት ወደ ጎረቤቱ ማሳ ሲሻገር በለምለም ቅርንጫፍ ደበደበው። አልጠፋ ሲለው ግራ ቀኙን አየና ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደ። እኔን አላየኝም ብዬ ነበር።

ጥቂት እንደሄድኩ ባለ ቀፎውን አገኘሁት። የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ መንደሩ ከወንዙ ማዶ ነው። በማሳዎቻችን ዳር ካሉት ትልልቅ ዛፎች ላይ የተሰቀሉት የቀርከሃ ቀፎዎች የእሱ ናቸው፤ ከእሱ በፊት ደግሞ የአባቱ ነበሩ፣ ያኔ እኛ እዚህ አልነበርንም። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ አንዴ አንተ፣ አንዴ አንቺ ይለኛል። ገመዱን በትከሻው፣ ንቦቹን የሚያጨስበትን ደረቅ እበት በእጁ ይዟል። እበቱ ገና አልተለኮሰም። «ሰላም ነህ እህቴ? ልጅ ደህና ነው?» አለኝ። ያን ጊዜ ከኋላዬ ጭሱ ተነስቷል።

ሰው ሲደርስ የጎረቤቱ የማሽላ ክምር አመድ ሆኖ፣ ባለ ቀፎው ደግሞ የሚጨስ እበት ይዞ ዛፍ ሥር ቆሞ ተገኘ። ሌላ የጠየቀ አልነበረም።

ሽምግልናው ለሳምንት ተቀጠረ። በመሃሉ የባሌ ወንድም ቤቴ መጣ። ተቀምጦ ልጄን ስለ ትምህርቷ ጠየቃት፤ ሲነሳ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ማሳሽን ዘንድሮም እኔው ነኝ የማርስልሽ፣ አታስቢ» አለኝ። አላሰብኩም ነበር። ባሌ ከሞተ ጀምሮ በየዓመቱ የሚያርስልኝ እሱ ነው፤ እንዲህ ብሎ ነግሮኝ ግን አያውቅም። ያን ቀን እኔ ሳየው እሱም እንዳየኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

እድራችን የሚሰበሰበው ማንጎ ዛፍ ሥር ነው፤ ሽማግሌዎቹም እዚያው ተቀመጡ። ሁለቱ ከእኛ፣ አንዱ ከማዶ ናቸው። ባለ ቀፎው ምስክር አለህ ወይ ሲባል በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። «እሷ ያውቃል። መንገድ ላይ አገኘኝ። ጭስ ነበር፣ እኔ እሳት የለም።» ሰዉ ሁሉ ዞረ። ተነሳሁ።

«መጀመሪያ ማይ» አሉኝ የእድሩ ዳኛ። «ብዋሽ ልጄን ይንሳኝ በይና ተናገሪ።»

«ጋሼ፣ እኔ አልምልም። ያየሁትን ግን እናገራለሁ።»

«ያልማለ ሰው ምስክር ይባላል እንዴ?» አሉ ዳኛው፤ ከኋላ ሳቅ ተነሳ። «ይቺ ደግሞ ሁሌ ከሰው ትለያለች» አለች አንዷ። ባለ ቀፎው ብድግ አለ። «ወላሂ፣ ማል እህቴ! እውነት ነው፣ እውነት ላይ መማል ምን አለበት?»

«እምነቴ አይፈቅድልኝም» አልኩት።

«እንግዲያው ተቀመጪ» አሉ ዳኛው። ተቀመጥኩ።

ፍርዱ ብዙ አልወሰደም። ባለ ቀፎው በሳምንት ጊዜ ውስጥ ቀፎዎቹን በሙሉ እንዲያወርድ፣ ከእንግዲህም ወንዙን ተሻግሮ ዛፎቹ ዘንድ እንዳይደርስ ተወሰነ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊው የእኔን ነገር አነሳ። እህታችን በሽማግሌዎች ፊት ቆማ፣ ሕዝብ እየሳቀባት፣ ለቃሉ ታመነች አለ። አሜን ተባለ። አንዲት እናት ከፊት ወንበር ዞር ብለው እጄን ያዙኝ። እኔም ራሴን ዝቅ አድርጌ እንደ ትሑት ተቀመጥኩ፤ እንዴት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ።

ወደ ቤት ስመለስ ባለ ቀፎው ዛፍ ላይ ነበር። ቀፎውን በገመድ አስሮ ቀስ እያለ ያወርዳል፤ ሚስቱ ከታች ትቀበላለች። ንቦቹ ተረብሸው መንገዱን ሞልተውታልና ነጠላዬን ተከናንቤ ቆምኩ። ከላይ ሆኖ «ሰላም ነህ እህቴ?» አለኝ፣ እንደ ወትሮው። ከኋላዬ አሜን የተባለበት የቆርቆሮ ጣሪያ ይታያል። አፈርኩ። ዳኛው ተቀመጪ ሲሉኝ የተሰማኝን ያን ጊዜ ለራሴ አመንኩ። እፎይ ብዬ ነበር። አለመማሌ እውነት ነው፣ ዛሬም አልምልም፤ ግን ያን ዕለት እምነቴ የባሌን ወንድም ስም ከመጥራት አድኖኛል፣ እኔም ለመዳኑ ቸኩዬ ነበር። ሳልምል መናገር እችል ነበር። አፌን የያዘኝ ሰው አልነበረም።

በሚቀጥለው የእድር ቀን ጸሐፊው ስም መጥራት ጀመረ። ስም መጥራት የእኔም ሥራ ስለሆነ ደንቡን አውቃለሁ፤ የተጠራ ሰው ሲመልስ ሁሉም ይሰማል። ተራዬ ሲደርስ «አለሁ። ክምሩን ያቃጠለው ባለ ቀፎው አይደለም። እሳቱ የተነሳው ከእኛ ማሳ ነው» አልኩ። ከእኛ ያልኩት አስቤበት ነው፤ የባሌ ወንድም ዘመዴ ነው። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ። ዳኛው «ጉዳዩ ተዘግቷል» አሉ። ቀጣዩ ስም ተጠራ።

በወሩም እንደዚያው አልኩ። በሦስተኛው ወር ስሜ ገና ሳይጠራ ሳቅ ተጀመረ፤ «አለሁ» ስል ወጣቶቹ የቀረውን አብረውኝ ይሉት ጀመር። በአራተኛው ስብሰባ በማወክ ተቀጣሁ። ቅጣቴን ከፍዬ በአምስተኛው ደገምኩት። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ወንጌላዊው ለብቻ ጠርቶ፣ ሰላም መፈለግም የክርስቲያን ነው፣ አሁንስ ግትርነት አይሆንብሽም ወይ አለኝ። ይሆናል አልኩት። ግትር ነኝ፤ እናቴም ትለው ነበር። አንድ ጊዜ ቶሎ የተቀመጠ ሰው ግን ብዙ ጊዜ መነሳት ያለበት መሰለኝ።

ክረምቱ ሲገባ የባሌ ወንድም በሬዎቹን ይዞ በማሳዬ ጥግ አልፎ ሄደ፤ ቀና ብሎም አላየኝ። ከልጄ ጋር የቻልነውን በመቆፈሪያ ቆፈርን፣ የቀረውን አረም ወሰደው። ሚስቱ ወንዝ ስንገናኝ አንገቷን ትደፋለች። እትዬ ነው የምላት፤ ልጄን ስወልድ ያረሰችኝ እሷ ናት። ከሁሉም ያሳዘነኝ የእሷ ነበር።

በስምንተኛው ወር ጸሐፊው ስሜን ዘለለው። ረስቶ አልነበረም፤ ከእኔ በፊት ያለውን ጠራና ከእኔ በኋላ ወዳለው አለፈ። ያልተጠራ ሰው አልመጣም ተብሎ ይጻፋል፣ ሦስቴ ያልመጣ ከእድር ይሰረዛል፤ ከእድር የተሰረዘ ቢሞት ማን እንደሚቀብረው አይታወቅም። ለልጄ ሰጋሁ። ልናገር ብድግ ስል ከሴቶቹ ወገን ሌላ ድምፅ ቀደመኝ።

«እሷን ዘለልክ» አለች እትዬ። ቆማለች፤ እጇ ነጠላዋን ጨምድዶ ይዟል። «እዚሁ ናት፣ አለች። እሳቱም ከእኛ ማሳ ነው። ሚካኤልን! ብዋሽ ልጆቼን ይንሳኝ። ያን ዕለት የባሌን የተቃጠለ ሱሪ ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

የሳቀ አልነበረም። የባሌ ወንድም መሬት መሬት ያያል። ዳኛው ብዙ ቆይተው ሽማግሌዎቹ እንደገና ይቀመጡ አሉ። መሐላው ተገኝቷላ፤ የእኔ ስምንት ወር ያላደረገውን የእሷ አንድ ሚካኤልን አደረገው። መናደድ ይገባኝ እንደሆነ እንጃ፤ አልተናደድኩም። ሄጄ አቀፍኳት። ሽማግሌዎቹም በሳምንቱ ወንዙን ተሻግረው ባለ ቀፎውን ይቅርታ ጠየቁት፤ ዛፎቹም ተመለሱለት።

በኅዳር በቅል ማር ይዞ ቤቴ መጣ። ወንበር ሰጠሁት፣ ውኃ ጠጣ። ይቅርታ ልጠይቀው ቃላት ስፈልግ ቀደመኝ።

«ስምንት ወር ተናገርክ፣ እኛ ጋ ተሰማ። ጎበዝ ነህ፣ ወላሂ» አለኝ። ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ያን ቀን እኔ አንቺን እያየ ነበር። መማል ይቅር፣ እሱ ሃይማኖት ነው፣ ገባኝ። ግን ተቀመጪ ሲልህ፣ እህቴ፣ አንቺ ቶሎ ተቀመጥክ።»

«አዎን» አልኩት።