የወረወርኩት ጫማ

ቅዳሜ ቅዳሜ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ በቸርቻችን አዳራሽ፣ ለሰፈሩ እናቶች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባለፈው «ስሮው» የሚለውን ቃል ይዤላቸው ገባሁ። ጠመኔ ስወረውርላቸው እየቀለቡ ሳቁ። «ስሮው አዌይ» ላይ ስንደርስ ግን እትዬ አልማዝ፣ «ይሄስ ያው መወርወር አይደል?» አሉኝ።

«አይደለም እትዬ፤ ይሄ ጥሎ መገላገል ነው። አንዴ ከሄደ አይመለስም!» አልኩና፣ ሞቅ ሲለኝ ጊዜ የቀኝ እግር ጫማዬን አውልቄ በመስኮት ወደ መንገዱ ወረወርኩት። ስወጣ አነሳዋለሁ ብዬ ነው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ጭብጨባው ሳያልቅ ከውጭ «ቆራሌው!» የሚል የአሮጌ ዕቃ ገዢ ጩኸት ሰማሁ። በካልሲ እያነከስኩ መስኮቱ ጋ ብደርስ ጫማው የለም። በማግስቱ ለነበረው የእህቴ ሠርግ የገዛሁት፣ እግሬን እንዲለምደው ብዬ ያደረግኩት አዲስ ጫማ!

«አይመለስም ብለኸን የለ?» አሉ እትዬ አልማዝ።

ይሄኔ በሩ ተንኳኳ። ቆራሌው ጆንያውን እንደተሸከመ፣ ጫማዬን በእጁ ይዞ ብቅ አለ። «ተመስገን!» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን ዓይኑን ከግራ እግሬ ላይ አልነቀለም።

«ጋሼ፣ ያንንም ይጣሉልኝ እንጂ። አንድ እግር ብቻውን ማን ይገዛኛል?»