ቤት ሲገባ የሚጎተተው ላፕቶፕ

ሐሙስ ከሰዓት ያንኑ ላፕቶፕ ይዤ ለሦስተኛ ጊዜ ሙባረክ ሱቅ ገባሁ። ሙባረክ እዚህ ቡታጅራ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ጢሙ መሸበት የጀመረ ሰው ነው። ሰላምታዬን መለሰልኝና «አሁንም?» አለኝ።

«አሁንም» አልኩት።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ...

ላፕቶፑ የባለቤቴ የነስሩ ነው። ነስሩ ማዘጋጃ ቤት ካርታ ይሠራል፣ ለዛ ብሎ ነው ጠንከር ያለ የገዛው። ከሥራ ሲመለስ ግን የኳስ ጌም ይጫወትበታል። እኔ አስተማሪ ነኝ። አሁን የወሊድ ፈቃድ ላይ ነኝ... ልጁ ግን የለም። አንድ ቀን ኖሮ እዛው ሆስፒታል አረፈ። ፈቃዱ ግን ይቆጥራል።

እናቴ ከእንሴኖ መጥታ አርባ ቀኔ እስኪሞላ አብራኝ ሰነበተችና ተመለሰች። ከዛ በኋላም ከቤት አልወጣሁም። አዝኜ ነው እንዳልል፣ አላለቀስኩም። ምግብ እሠራለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ ተቀምጬ ግድግዳ አያለሁ። የሚመጣው ሰው ሁሉ «አላህ የተሻለ ይተካልሽ» ይለኛል። «አሚን» እላለሁ። በቃ።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ የላፕቶፑ ቻርጀር ተቃጠለ። ነስሩ ሥራ ላይ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም... ተነስቼ ለበስኩና ገበያው ጋ ካለ ሱቅ ሌላ ገዛሁለት። ጫፉ ልክክ ብሎ ገባ። ነስሩ ሲመጣ አገላብጦ አየው።

«አንቺ ነሽ ሄደሽ የገዛሽው?»

«አዎ።»

«አላህ ይስጥሽ» አለ። ወስዶ ሰካው።

በዛው ሳምንት ጌሙ ስታክ ማድረግ ጀመረ። ተጫዋቹ ኳስ ሊመታ እግሩን ያነሳና... እንዳነሳ ይቆማል። የሕዝቡ ጩኸት ቀድሞ ይመጣል፣ ጎሉ ቆይቶ ይገባል።

«ሰው ጋ ልውሰደው?» አልኩት።

«ካልደከመሽ ውሰጂው።»

የቦርሳው ዚፕ ስለማይሠራ አቧራ እንዳይገባበት በፎጣ ጠቅልዬ ታቀፍኩት። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዘወር ብላ ፈገግ አለችልኝ።

«ማሻአላህ... ስንት ወሩ ነው?»

«ላፕቶፕ ነው» አልኳት።

ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። እኔ ምንም አልተሰማኝም። እንደዛ ስትለኝ ምንም ሳይሰማኝ መቅረቱ ነው ቆይቶ ያስፈራኝ።

ሙባረክ ከፈተው። ፋኑ በአቧራ ተደፍኗል። ነፋው፣ ጠረገው፣ መልሶ ገጠመው። እዛው ጌሙን ከፍቶ አሳየኝ፤ እንደ ውሃ ይፈስሳል። ቤት ወስጄ ስከፍተው ተጎተተ። በሁለተኛው ጊዜ ቫይረስ ሊሆን ይችላል ብሎ የነስሩን ፋይሎች ለይቶ አስቀምጦ ፎርማት አደረገው፣ ጌሙንም መልሶ ጫነው። ሱቁ ውስጥ አሁንም ሰላም ነው። ቤት ሲገባ ተጎተተ።

እውነቱን ለመናገር መመላለሱ አልከበደኝም። ሙባረክ ስለ ላፕቶፑ እንጂ ስለ ሌላ ነገር አይጠይቀኝም። አሚን የሚባል ነገር የለም። በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ብሎን ሲፈታ አያለሁ።

ሐሙስ ዕለት ግን ብሎኑን አልፈታም። እጁን አጣጥፎ ላፕቶፑን ሲያይ ቆየ።

«እህቴ፣ እዚህ ይሠራል፣ እዛ አይሠራም። እዚህ እኔ የራሴን ቻርጀር ነው የምሰካው። እስቲ ያንቺን አምጪው።»

ተመልሼ ሄጄ አመጣሁለት። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጎ አነበበ።

«ይሄ የትንሽ ላፕቶፕ ቻርጀር ነው። ሌላ ሥራ ላይ አይታወቅሽም። ጌም ሲከፈት ግን የሚሰጠው ኃይል አይበቃውም። ኮምፒውተሩ ሲያንሰው ራሱን ያዘገያል።» ከዛ ቀና ብሎ «ባለቤትሽ ምንድን ነው ሥራው?» አለኝ።

«ኮምፒውተር ላይ ካርታ ይሠራል።»

«እና ይሄን አላወቀም?» አለ። እኔን የጠየቀ አይመስልም።

ትክክለኛውን ቻርጀር ሰጠኝ። በእግሬ ነው የተመለስኩት። ነስሩ ሲገባ በሩ ጋ ቆሜ ጠበቅኩት።

«ችግሩ ቻርጀሩ ነው» አልኩት።

ጫማውን ሊፈታ ተቀምጦ ነበር። «አውቃለሁ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካመጣሽው ቀን ጀምሮ።»

«ሦስት ጊዜ ስመላለስ ለምን አልነገርከኝም?»

የጫማውን ክር እንደያዘ ቀረ። «ከሆስፒታል ከመጣሽ ከዚህ ቤት ወጥተሽ አታውቂም ነበር። ለቻርጀሩ ወጣሽ። አይሆንም ብልሽ ደግመሽ የምትወጪ አልመሰለኝም። ከዛ ደግሞ ከሙባረክ ሱቅ ስትመለሺ ታወሪኝ ጀመር... ፋኑ እንዲህ ሆነ፣ አቧራው እንዲህ አለ። ከልጁ ወዲህ ያወራሽኝ ይሄንኑ ነው።»

የምናደድ መስሎኝ ጠበቅኩ። ንዴቱ አልመጣም።

«ታዲያ እየተጎተተ ምን ትጫወት ነበር?» አልኩት።

«መች እጫወታለሁ። እንዳንቺ እቀመጣለሁ። አንቺ ግድግዳ ታያለሽ፣ እኔ ስክሪን አያለሁ።»

ይሄን ሁሉ ጊዜ እሱ ተሽሎት የሚጫወት መስሎኝ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን አላየሁትም።

ቻርጀሩን ሰካሁለት። ጌሙን ከፈተው፣ እኔም ወንበሬን አዙሬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«የኛ የትኞቹ ናቸው?»

«ቀዮቹ» አለኝ።

ጨዋታው እስኪያልቅ አልተነሳሁም። ማን እንዳሸነፈ ብትጠይቁኝ አላውቅም... ነስሩም የሚያውቅ አይመስለኝም።