የፋቅሁት ቃል

የአባቴን የብራና ዳዊት አንድ ቃል በምላጭ ፍቄ ሌላ የጻፍሁበት እኔ ነኝ። «በእጅ ሲገለበጥ የኖረ መጽሐፍ መለወጡ አይቀርም» ብዬ ተከራክሬያቸው ነበርና ማሸነፍ ፈለግሁ።

ኮኪት በሚባል ቆላ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ሳለን፣ አባቴ በምሳ ዕረፍት ዳዊት ሲደግሙ ያ ቃል ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይኸው አባዬ፣ ተለውጧል!» አልሁ።

ከጎጃምና ከወሎ የመጡ ሁለት አጫጆች ከአያቶቻቸው የወረሱትን የብራና ዳዊት ለማስተያየት ከየማኅደሩ አወጡ። ሁለቱም ላይ እኔ የፋቅሁት ቃል ቁጭ ብሏል።

«የእኛን ፋቅሽው» አሉ አባቴ፤ «የጎጃሙንስ ማን ሊፍቅልሽ ነው?» አጫጆቹ ሳቁብኝ።

ዛሬ «ተለውጧል» የሚለኝን ሁሉ ፊት ለፊት እገጥመዋለሁ፤ እኔ ሞክሬ አቅቶኛላ! የአባቴ ብራና ላይ ግን ጠባሳው አለ። አባዬ፣ ይቅር በሉኝ።